የሱስ ባሕርያትን በአገር አቀፍ የዳሰሳ ጥናት ለመለካት፦ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለሚሠሩ የጥናት ቡድኖች የተዘጋጀ መመሪያ

መጠጥ፣ ጫት፣ ትምባሆና የገንዘብ ውርርድ በአዋቂው ሕዝብ ዘንድ ምን ያህል እንደተስፋፉ ተዓማኒ ቁጥር ማግኘት የሚቻለው በአገር አቀፍ የቤት ለቤት ዳሰሳ ጥናት ነው። የሆስፒታል መዝገብ የሚያሳየው በሽታው ጠንቶበት ሐኪም ዘንድ የደረሰውን ሰው ብቻ ነው፤ ደመወዙን በሁለት ቀን የኳስ ውርርድ ጨርሶ ልጆቹ ፊት ባዶ እጁን የሚገባው አባት ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም። ይህ መመሪያ የአገር አቀፍ ጥናት አካል ሆነው በባሕር ዳር ከተማና በሐይቁ ዳርቻ ባሉ ወረዳዎች መረጃ ለሚሰበስቡ ቡድኖች እንዲሁም ጥናቱን ለሚነድፉ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። በዚህ ዓይነት ጥናት ውጤቱን አብዝቶ የሚያዛባው የናሙናው ማነስ ሳይሆን ቤቱ ያልተገኘው ሰውና በአግባቡ ያልቀረበው ጥያቄ ነው። ስለዚህ በጀት ሲደለደል አንድ ሺህ ተጨማሪ ሰው ከማካተት ይልቅ፣ ሰው ወዳልተገኘበት ቤት ደጋግሞ ለመመለስ፣ የመጠጫ ዕቃዎችን ለመለካትና መረጃ ሰብሳቢዎችን በሚገባ ለማሠልጠን ቅድሚያ ሊሰጥ ይገባል።

የሚለካውን ነገር መወሰን

መጠይቅ ከመጻፉ በፊት ቡድኑ ሦስት ነገሮችን መለየት አለበት፤ እነርሱም መጠቀም፣ ለጉዳት በሚያጋልጥ መጠን መጠቀምና ጥገኝነት ናቸው። በማኅበር ቀን አንድ ብርጭቆ ጠላ የምትጠጣ እናት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰክሮ የሚገባ ወጣትና ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥበትን ለማቆም አረቄ የሚጎነጭ ሰው በአንድ ቁጥር ቢጠቃለሉ ያ ቁጥር ለማንም ውሳኔ አይጠቅምም። «አዋቂ» የሚለውም እንዲሁ መወሰን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች መንስኤዎች ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ያሉትን ሲያካትት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት 15 ዓመት የሞላቸውንና ከዚያ በላይ ያሉትን ሁሉ አካቷል። ውጤታችሁን ከእነዚህ ጋር ማነጻጸር ከፈለጋችሁ የዕድሜ ክልሉንም፣ የጥያቄውንም አገላለጽ እነርሱ እንደተጠቀሙበት ያዙ። ለምሳሌ የትምባሆው ጥናት ሰዎችን የሚጠይቀው በየቀኑ፣ በየቀኑ ሳይሆን አልፎ አልፎ፣ ወይስ ጨርሶ አያጨሱም ብሎ ነው፤ ይህን ማሻሻል የሚመስል ለውጥ ሁሉ ንጽጽሩን ያበላሻል።

የሚጠየቅበት የጊዜ ክልልም ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል። በእኛ አካባቢ «ባለፉት 30 ቀናት» የሚል ጥያቄ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ቢጠየቅና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቢጠየቅ ፈጽሞ የተለያየ መልስ ያስገኛል፤ በጾም ብዙ ሰው መጠጥ ይቀንሳል ወይም ይተዋል፣ ከፋሲካ በኋላ ግን የሠርጉም የዘመድ ጥየቃውም ወቅት ነው። የሙስሊም ወገኖቻችን የረመዳን ወር በጫትና በትምባሆ መልሶች ላይ ተመሳሳይ ውጤት አለው። በመሆኑም የመስክ ሥራው ቢቻል በዓመቱ ወራት ላይ ይከፋፈል፤ ካልተቻለ የጾም ወራት ይዘለሉና ዋናው መለኪያ «ባለፉት 12 ወራት» የሚለው ጥያቄ ይሁን። መላሹ 12 ወራትን በልቡ እንዲያሰላ ከመተው ይልቅ የታወቀ ቀን መጥቀስ ይረዳል፤ «ካለፈው ዓመት ጥምቀት ወዲህ» ሲባል የማያስታውስ የለም።

ናሙና ማውጣት

የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ባሕር ዳር ከዚያ ወዲህ በየአቅጣጫው ሰፍታለች፤ በቆጠራው ጊዜ የእርሻ መሬት የነበረው ዛሬ ሰፈር ሆኗል። ስለዚህ ከቆጠራ ቦታዎች፣ ማለትም ለቆጠራው ሲባል አገሪቱ ከተከፋፈለችባቸው ትናንሽ አካባቢዎች፣ ዝርዝር በመጀመሪያው ደረጃ የተመረጠ እያንዳንዱ ቦታ ቤተሰብ ከመመረጡ በፊት እንደገና ቤት ለቤት መመዝገብ አለበት። በምዝገባው ጊዜ አንድ ግቢ አንድ ቤተሰብ ተደርጎ እንዳይጻፍ ልዩ ትኩረት ይሰጥ። በሽምብጥም ሆነ በፔዳ አካባቢ በአንድ የቆርቆሮ በር ውስጥ አከራዮቹ፣ ሁለት ተማሪዎች የተከራዩት ክፍል፣ አንድ የባጃጅ ሾፌርና የቀን ሠራተኞች በደባልነት የያዙት ክፍል ሊኖሩ ይችላሉ። መዝጋቢው አከራይዋን ብቻ አነጋግሮ ከሄደ፣ ከጥናቱ የሚወጡት በትክክል ጥናቱ የሚፈልጋቸው ወጣት ወንዶች ናቸው።

የናሙናውን መጠን ለማስላት የተለመደው ቀመር ያገለግላል። አንድ ባሕርይ በሕዝቡ 2 በመቶ ውስጥ ይገኛል ተብሎ ቢገመትና ከግማሽ በመቶ ያልበለጠ ስሕተት ቢፈለግ፣ በ95 በመቶ መተማመኛ 3,012 ሰው ያስፈልጋል። ሆኖም ሰዎቹ የሚመረጡት በየቆጠራ ቦታው ተሰባስበው ስለሆነና ጎረቤታሞች በልማዳቸው ስለሚመሳሰሉ ይህ ቁጥር መባዛት አለበት። ከአንድ ቦታ 20 ሰው ቢወሰድና የመመሳሰላቸው መጠን 0.05 ቢሆን፣ ማባዣው 1 ሲደመር 19 ጊዜ 0.05፣ ማለትም 1.95 ይሆናል። ይህን ወደ 2 አጠጋግተን 10 በመቶ የማይገኝ ሰው ብንጨምርበት ናሙናው ወደ 6,700 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች 5 በመቶ፣ በሴቶች ብቻ ሲታይ ደግሞ 1.8 በመቶ እንደነበሩ ልብ ይባል፤ እንዲህ ያለውን አነስተኛ ቁጥር በጾታና በዕድሜ ለመከፋፈል የሚያስብ ቡድን ከመነሻው ሰፊ ናሙና ማቀድ አለበት።

የቤት ለቤት ጥናት የማይደርስባቸውን ሰዎች በግልጽ መዝግቦ መያዝ የንድፉ አካል ነው። በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ያሉ ተማሪዎች፣ የሕግ ታራሚዎች፣ በካምፕ ያሉ ወታደሮችና ጎዳና ላይ የሚያድሩ ሰዎች በቤተሰብ ዝርዝር ውስጥ አይገኙም። ከእነዚህ ባልተናነሰ የሚያሳስበው ደግሞ ወቅታዊ ፍልሰት ነው። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ ከጎጃምና ከጎንደር ገጠሮች ብዙ ወጣት ወንዶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳሉ። በእነዚህ ወራት ሐይቁ ዳርቻ ባሉ ቀበሌዎች የሚደረግ ጥናት የሚያገኘው ሽማግሌውን፣ ሴቷንና ቤት የቀረውን ልጅ ስለሆነ የመጠጡም የትምባሆውም ቁጥር ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይወጣል።

በተመረጠው ቤት ውስጥ የሚጠየቀው አንድ አዋቂ ብቻ ነው፤ እርሱም በዕጣ መለየት አለበት። የስታትስቲክስ ባለሙያው ሌዝሊ ኪሽ እ.ኤ.አ. በ1949 ያቀረበው፣ ከቤቱ አዋቂዎች አንዱን በዕጣ የሚለይ የሰንጠረዥ ዘዴ ዛሬ በታብሌት ውስጥ ተጭኖ ስለሚሠራ ችግሩ የሥሌት አይደለም። ችግሩ በር የከፈተው ሰው «እኔ እበቃለሁ፣ እኔን ጠይቁኝ» ሲል መረጃ ሰብሳቢው ለመስማማት መፈተኑ ነው። ዕጣው የወጣለት ልጅ ሥራ ላይ ከሆነ ቀጠሮ ተይዞ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ቀንና ሰዓት መመለስ ግዴታ ነው። የባጃጅ ሾፌሩ የሚገኘው ማለዳ ሳይወጣ ነው፤ ዓሣ አጥማጁ መረቡን አመሻሽ ላይ ጥሎ ንጋት ላይ ስለሚያነሣ ረፋዱ ይሻለዋል፤ ውርርድ የሚያዘወትረው ወጣት ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ጨዋታ ባለበት ቤት አይገኝም። ያልተገኘውን በጎረቤት መተካት በፍጹም የተከለከለ ነው፤ በቀላሉ ቤቱ የሚገኝ ሰው ከማይገኘው በልማዱ ይለያልና።

ብርሌ፣ መለኪያና ጣሳ

በዓለም ጤና ድርጅት የተዘጋጀውና ኦዲት በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የአልኮል መጠይቅ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ነጥቡ ከ0 እስከ 40 ሲሆን 8ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አጠጣጡ ለጉዳት እንደሚያጋልጠው ይወሰዳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ግን የሚቆሙት «አንድ መጠጥ» ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ነው፤ መመሪያው የሚያስበው 10 ግራም ንጹሕ አልኮል የያዘ መጠጥ ነው። ለቢራ ሥሌቱ ቀላል ነው፤ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝና 5 በመቶ አልኮል ያለው ጠርሙስ፣ የአልኮል ጥግግት 0.789 ስለሆነ 13 ግራም፣ ማለትም 1.3 መደበኛ መጠጥ ይሆናል። በጣና ዙሪያ ግን አብዛኛው መጠጥ ከጠርሙስ አይቀዳም። ጠላ በጣሳ፣ በዋንጫና በብርጭቆ፣ ጠጅ በብርሌ፣ አረቄ በመለኪያ ይጠጣል፤ በሐይቁ ሰሜን ዳርቻ በጎንደር በኩል ደግሞ ኮረፌ አለ። የአንዱ ቤት ጠላ ከሌላው ቤት ይለያል፤ በአንድ ቤት እንኳ ጉሹና ቅራሪው አንድ አይደሉም።

ይህን ለማስተካከል ከመስክ ሥራው በፊት በየጥናት ቦታው ያሉ ጥቂት መሸጫ ቤቶችን መጎብኘት ያስፈልጋል። ሱፐርቫይዘሩ ባለቤቷ ዘወትር የምትቀዳበትን ዕቃ ተቀብሎ፣ እንደተለመደው እንድትሞላው ጠይቆ፣ መጠጡን ሚሊ ሊትር በተጻፈበት የላቦራቶሪ መስፈሪያ ይለካል። እስከ አፉ የሚሞላ ጣሳና አረፋው የሚቀርለት ብርጭቆ በተመሳሳይ ቁጥር መመዝገብ የለባቸውም። ከዚያ ናሙናው በጥብቅ በሚከደን ጠርሙስ ታሽጎና ቀዝቅዞ የአልኮል መጠኑ በላቦራቶሪ ይለካል፤ ጠላ በመንገድ ላይም መፍላቱን ስለማያቆም መዘግየት ውጤቱን ይለውጠዋል። በምሳሌ ለማየት፣ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ጠላው 4 በመቶ ቢሆን ወደ 16 ግራም አልኮል ይይዛል፤ 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ መለኪያ አረቄው 40 በመቶ ቢሆን ወደ 13 ግራም ይሆናል። ሦስት ጣሳ ጠላ «ቀማመስኩ» የሚል ሰው እንግዲህ ከ4 በላይ መደበኛ መጠጥ ጠጥቷል። ውጤቱ ተሰብስቦ የዕቃዎቹ ፎቶግራፍ በትክክለኛ መጠናቸው በታተመ ካርድ ላይ ይውጣና መላሹ በጣቱ እያመለከተ ይንገር።

መጠጡ ሁሉ በስሙ እየተጠራ መጠየቅ አለበት። «አልኮል ይጠጣሉ?» ሲባሉ ያለ ማመንታት «አልጠጣም» የሚሉ፣ ነገር ግን ማኅበር በወጣ ቁጥር ጠላ የሚጠጡ ብዙዎች ናቸው፤ ይህን ሲሉም አይዋሹም፣ ጠላን ከምግብ ለይተው አያዩትምና። «እማማ፣ ካለፈው ዓመት ጥምቀት ወዲህ ጠላ ጠጥተው ያውቃሉ? ጠጅስ? አረቄስ? ቢራስ?» ተብሎ በተራ ሲጠየቅ መልሱ ይስተካከላል። በውርርድም ያው ነው። ቁማርተኛ መባልን ማንም ስለማይወድ ጥያቄው ሎተሪን፣ ቶምቦላን፣ የእግር ኳስ ውርርድን፣ በገንዘብ የሚጫወቱትን ካርታ፣ ከረንቡላና ፑል አንድ በአንድ ይጥቀስ።

ለሌሎቹ ባሕርያት የሚያገለግሉ መጠይቆች

ለውርርድ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በካናዳ የተዘጋጀው የችግር ቁማር መለኪያ በብዙ አገሮች ብሔራዊ ጥናቶች ላይ ይሠራበታል። ጥያቄዎቹ የ12 ወራቱን ጊዜ የሚመለከቱ ናቸው፤ ሊያጣው ከሚችለው በላይ አስይዞ እንደሆነ፣ የተበላውን ለማስመለስ በሌላ ቀን ተመልሶ እንደሆነ፣ ለመወራረድ ተበድሮ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ሲሆን 8ና ከዚያ በላይ ከባድ ችግር እንዳለ ይጠቁማል፤ ከ3 እስከ 7 ያለውን መካከለኛ ቡድን ግን መዝለል አይገባም፣ ነገ ወደ ላይኛው የሚሸጋገረው ከእርሱ ነውና። ለሲጋራ ስድስት ጥያቄዎች ያሉት የፋገርስትሮም የኒኮቲን ጥገኝነት መለኪያ ይበቃል፤ ከሁሉም የሚመዝነው ጥያቄ ከእንቅልፍ በተነሡ በስንት ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያውን ሲጋራ እንደሚያጨሱ የሚጠይቀው ነው።

ጫት የበለጠ ሥራ ይጠይቃል። በባሕር ዳር ዙሪያ በመስኖ በስፋት ስለሚለማ ዋጋውና የእስሩ መጠን ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል፤ ስለዚህ እስር ብቻ መቁጠር አያስተማምንም። በሳምንት ስንት ቀን፣ በአንድ መቀመጫ ስንት ሰዓትና በስንት ብር የሚሉት ሦስቱ አንድ ላይ ይጠየቁ፤ ጥገኝነቱ ደግሞ አምስት ጥያቄዎች ባሉትና ከ0 እስከ 15 ነጥብ በሚሰጠው የጥገኝነት ክብደት መለኪያ ይታይ። ከጫቱ ቀጥሎ ለጨብሲ፣ ማለትም የጫቱን ምርቃና ለመስበር፣ ምን እንደጠጡ መጠየቅ መዘንጋት የለበትም፤ የጫቱና የመጠጡ ክፍል በመጠይቁ ውስጥ ተለያይተው ሲቀመጡ ይህ ትስስር ፈጽሞ ይጠፋል። ስለ ሞባይል ጨዋታ ጥቂት ጥያቄዎች መጨመር ይቻላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ የጨዋታ ሱስን አካቶታልና። ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ግን ባለሙያዎች የተስማሙበት የመለያ ነጥብ ስለሌለ በአገር አቀፍ ጥናት «ሱሰኛ» እያሉ መቁጠሩን አልመክርም።

መጠይቁ ሁሉ ወደ አማርኛ ሲመለስ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተርጉሙት፣ ሦስተኛው ያስታርቃቸው፤ ከዚያም በከተማውም በገጠሩም ያሉ ጥቂት ሰዎች ጥያቄውን ሰምተው የተረዱትን በራሳቸው አንደበት መልሰው እንዲናገሩ ይደረግ። «ከቁጥጥር ውጭ መሆን» የሚል አባባል በዘጌ ላለ ገበሬ ስለ ሌላ ነገር የተጠየቀ ሊመስለው ይችላል፤ «ከጀመሩ ማቆም አቅቶዎት ያውቃል?» ግን ለሁሉም ይገባል።

በር ላይና በግቢ ውስጥ

የቀበሌ መሪ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቡድኑን እስከ በሩ ማድረሷ ተገቢ ነው፤ ቃለ መጠይቁ ሲጀመር ግን መሄድ አለባት። ጠላና አረቄ ሸጣ ልጆች የምታሳድግ ሴት ደብተር ይዞ የመጣን ሰው በመጀመሪያ የምታየው እንደ ግብር ሰብሳቢ ነው፤ ከቀበሌ ሰው ጋር ካየችው ደግሞ ትጠራጠራለች። «ቤቶች!» ብሎ ተጣርቶ፣ ሰላምታውን ሳያጣድፉ ሰጥቶ፣ ከየት እንደመጡ፣ ስም እንደማይጻፍ፣ መልሱ ለግብርም ለፖሊስም እንደማይሰጥና ያልፈለጉትን ጥያቄ መዝለል እንደሚቻል መናገር ያስፈልጋል። ይህ ቃል ሲገባ እውነት መሆን አለበት፤ ስለዚህ የቤቱ አድራሻና መልሱ በተለያየ ፋይል ይቀመጡ፣ አድራሻውም የመስክ ሥራው እንዳለቀ ይሰረዝ።

ለሴት መላሽ ሴት፣ ለወንድ መላሽ ወንድ መረጃ ሰብሳቢ መመደብ መልስን ያቀናል። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሰሚ አለመኖሩ ነው። የኪራይ ክፍሎች ግድግዳ ስስ ነው፤ ቡና እያፈላች ያለች አማት በሁለት እርምጃ ርቀት ተቀምጣ ሳለ ምራትዋ ሲጋራ ማጨሷን ልትናገር አትችልም። ከግቢው ራቅ ብሎ ዛፍ ጥላ ሥር መቀመጥ ካልተቻለ፣ የሚከብዱትን ጥያቄዎች መላሹ በጆሮ ማዳመጫ በአማርኛ ሰምቶ ታብሌቱ ላይ ቀለም ወይም ሥዕል በመንካት ራሱ ይመልስ። ሰዎች ፊት ለፊት ከሚያምኑት ይልቅ በዚህ መንገድ የሚያምኑት እንደሚበዛ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ማንበብ የማይችልንም አያገልም።

እንደ ካናቢስ ላሉ በሕግ ለሚያስቀጡ ነገሮች ስታንሊ ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1965 ካስተዋወቀው ሐሳብ የተወለደ ዘዴ አለ። መላሹ አንድ ጥቁር፣ አንድ ነጭና አራት ቀይ ዶቃ ካለበት ከረጢት ሳያሳይ አንዱን ያወጣል፤ ጥቁር ከወጣው «አዎ»፣ ነጭ ከወጣው «አይ» ይላል፣ ቀይ ከሆነ እውነቱን ይመልሳል። ጠያቂው የግለሰቡን ምሥጢር አያውቅም፤ ከሁሉም 25 በመቶው «አዎ» ቢሉ ግን ከዚያ ላይ አንድ ስድስተኛው ተቀንሶ ለአራት ስድስተኛ ሲካፈል 12.5 በመቶ ይገኛል። ዘዴው ስሕተቱን ስለሚያሰፋውና ማስረዳቱ ጊዜ ስለሚወስድ ከአንድ ወይም ከሁለት ጥያቄ በላይ አይዋል።

ብርቱ ችግር ያለበት ሰው ሲገኝ ዝም ብሎ መሄድ አይገባም። መረጃ ሰብሳቢዎች ለሁሉም መላሽ፣ ነጥቡ ምንም ይሁን ምን፣ የአእምሮ ሕክምና የሚገኝባቸውን ቦታዎች የያዘ ወረቀት ይስጡ፤ በባሕር ዳር የፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በቅርብ ያለ ነው። ለተመረጡት ብቻ ቢሰጥ ወረቀቱ ራሱ ምሥጢር ያወጣል።

ቁጥሩን ማውጣት

አምስት አዋቂዎች ካሉበት ቤት የተመረጠ ሰው ብቻውን ከሚኖር ሰው ይልቅ የመመረጥ ዕድሉ አምስት እጥፍ ያነሰ ስለሆነ በትንተናው አምስት እጥፍ ክብደት ይሰጠዋል። ከወላጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ወጣቶች የሚገኙት በእንዲህ ዓይነቱ ቤት ስለሆነ ይህ ከተዘለለ ቁጥራቸው ይኮስሳል። የመተማመኛው ወሰንም የቆጠራ ቦታዎቹን አሰባሰብ በሚያገናዝብ የስታትስቲክስ ትእዛዝ ይሰላ።

የማጣሪያ ነጥብ የሐኪም ምርመራ አይደለም። ከ1,000 ሰው 30ው በእርግጥ ችግሩ ያለባቸው ቢሆኑና መጠይቁ በሁለቱም በኩል 90 በመቶ ትክክል ቢሆን፣ ከ30ው 27ቱን ይለያል፤ ከቀሩት 970 ጤነኞች ግን 97ቱን በስሕተት ይቆጥራል። 3 በመቶ የነበረው 12.4 በመቶ ሆኖ ይታተማል ማለት ነው። የመጠይቁ ትክክለኛነት በንዑስ ናሙና ላይ በባለሙያ ምርመራ ከተረጋገጠ እርማቱ ቀላል ነው፤ ከ0.124 ላይ 0.1 ተቀንሶ ለ0.8 ሲካፈል 0.03 ይመለሳል። ስለዚህ ከመላሾቹ ጥቂት መቶዎችን በሠለጠነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንደገና ማነጋገር ከመነሻው በዕቅዱ ይካተት።

ለአገር የተነደፈ ናሙና ለአንድ ከተማ ቁጥር አይሰጥም። የከተማው አስተዳደር «የባሕር ዳር ስንት ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ለከተማው ራሱን የቻለ ናሙና ካልተያዘ በጥቂት የቆጠራ ቦታዎች ላይ የተመሠረተ መቶኛ አይሰጥ። በሪፖርቱ ውስጥ ከውጤቱ ጎን ለጎን ስንት ቤት እንደተዘጋ፣ ስንት ሰው እንዳልፈቀደ፣ በፀጥታ ምክንያት ያልተደረሰባቸው ቦታዎች የትኞቹ እንደሆኑና የመስክ ሥራው ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደተካሄደ ይጻፍ፤ የአማርኛው መጠይቅና የመጠጫ ዕቃዎቹ ካርድ ከነሚሊ ሊትራቸው አብረው ይታተሙ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ጥናቱን የሚደግመው ቡድን በዚያው ጣሳ እንዲለካ።